ለትራንስፎርመር ምርመራ የትኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይበጃል?

በዘይት የተሞላ ትራንስፎርመር ሲታመም ሕመሙን ቶሎ ከውጭ አያሳይም። የሽቦው ጥቅልል አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ሲግል፣ ኮሩ (የብረቱ እምብርት) ውስጥ ያልታሰበ ጅረት ሲዞር ወይም ሽቦውን በሚሸፍነው ወረቀት ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታዎች ሲጀምሩ ጋኑ እንደወትሮው እያጉረመረመ ሥራውን ይቀጥላል። ምስጢሩን የሚያውቀው ዘይቱ ነው። ዘይቱና ወረቀቱ በሙቀት ወይም በብልጭታ ሲፈርሱ ጋዞች ይወጣሉ፤ ጋዞቹም ዘይቱ ውስጥ ይሟሟሉ። ሃይድሮጅን በትንሽ ኃይልም ይወጣል። ሚቴንና ኢቴን መጠነኛ ሙቀትን፣ ኢቲሊን ከፍ ያለ ሙቀትን፣ አሲቲሊን ደግሞ አርክን (ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታን) ወይም እጅግ የበረታ ሙቀትን ያመለክታሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምሩ ወረቀቱ ተነክቶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል።

የዘይት ናሙና ወስዶ እነዚህን ጋዞች መለካት ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ሻጩ ሁሉ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመረምር» ምርት ይዞ ይመጣል። አንዱ ኒውራል ኔትወርክ ያቀርባል፣ ሌላው ራንደም ፎረስት፣ ሦስተኛው እንደ ሰው የሚያወራ ረዳት። ነገሩ እንደሚወራው አዲስ አይደለም፤ ኤክስፐርት ሲስተም (ባለሙያ የጻፈውን ሕግ የሚከተል ፕሮግራም) እና ኒውራል ኔትወርክ ለትራንስፎርመር ጋዝ ምርመራ ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሞከሩ ቆይተዋል። አዲሱ ነገር ጋዙን ሳያቋርጡ የሚለኩ ሴንሰሮች መብዛታቸውና የኮምፒውተር ጉልበት መርከሱ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ አልጎሪዝም መምረጥ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ምርጫውን የሚወስነው በእጅዎ ያለው መዝገብ ነው፤ ከመዝገቡም «ያ ትራንስፎርመር የእውነት ምን ሆኖ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ማን እንደመለሰው። አማራጮቹን በዚህ ዓይን ልያቸው።

መነሻው፦ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ዘዴ

ሞዴል ከመግዛትዎ በፊት ከምን ጋር እንደሚያወዳድሩት ይወቁ። ነጻ የሆነ፣ የተፈተነና ማንም መሐንዲስ በአምስት ደቂቃ የሚሠራው ዘዴ አለ። አይኢሲ 60599 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሦስት ጥምርታዎችን ይመለከታል፦ አሲቲሊን ለኢቲሊን፣ ሚቴን ለሃይድሮጅን፣ ኢቲሊን ለኢቴን። ካናዳዊው ተመራማሪ ሚሼል ዱቫል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሚቴንን፣ ኢቲሊንንና አሲቲሊንን ደምሮ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ ያያል፤ ነጥቡ ያረፈበት ክልል የብልሽቱን ዓይነት ይነግራል።

በቁጥር እንየው። ሚቴን 60፣ ኢቲሊን 180፣ አሲቲሊን 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ተለካ እንበል። ድምሩ 250 ነው፤ ድርሻቸውም 24፣ 72 እና 4 በመቶ። ኢቲሊኑ ከ50 በመቶ በላይ፣ አሲቲሊኑ ከ15 በመቶ በታች ስለሆነ ነጥቡ ቲ3 በሚባለው ክልል ያርፋል፤ ይኸውም ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ማለት ነው። አለቀ። ለዚህ ጉዳይ ኒውራል ኔትወርክ አያስፈልግም።

አሁን ሌላ ናሙና እንውሰድ፦ ሚቴን 100፣ ኢቲሊን 98፣ አሲቲሊን 2። የኢቲሊን ድርሻ 49 በመቶ ስለሆነ ቲ2 ነው፤ ከ300 እስከ 700 ዲግሪ። ያንኑ ዘይት ሌላ ላብራቶሪ ለክቶ ኢቲሊኑን 103 ቢያገኘው ድርሻው ከ50 በመቶ አለፍ ይልና ምርመራው ወደ ቲ3 ይዘላል። የአምስት ፒፒኤም ልዩነት በላብራቶሪ መካከል የተለመደ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው። የድንበር ችግር የምንለው ይህ ነው።

ጥምርታዎቹ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለባቸው። አንዳንዴ ቁጥሮቹ በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ፤ መልስ የለም። ሦስት ማዕዘኑ በተቃራኒው ሁልጊዜ መልስ አለው፤ ጤነኛ ትራንስፎርመር ቢሰጡትም በሽታ ያወጣለታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የጋዙ መጠን ወይም የዕድገቱ ፍጥነት ከተለመደው ወጥቷል ወይ?» የሚለው ነው። በ2019 የታደሰው የመሐንዲሶች ማኅበሩ የአይትሪፕልኢ ሲ57.104 መመሪያ የትራንስፎርመሩን ዕድሜና የኦክስጅን ለናይትሮጅን ጥምርታን ከግምት አስገብቶ፣ መጠኑንም ለውጡንም እንዲያዩ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋጋ የሚኖረው ሦስት ክፍተቶችን ሲሞላ ነው፦ ድንበሩ ላይ ያሉትን፣ መልስ ያጡትን፣ እና ከጋዝ ሌላ መረጃ የሚጠይቁትን። ከዚህ ውጭ የተከፈለበት ሁሉ ለጌጥ ነው።

ፈዚ ሎጂክና ኤክስፐርት ሲስተም

በጣም ቀላሉ አማራጭ ነው፤ ዛሬ ብዙም አይወራለትም። ሕጎቹ ያው የመስፈርቱ ሕጎች ናቸው፤ ድንበሩ ግን እንደ ቢላ ስለት አይቆርጥም። 49 በመቶ ላይ ያለው ነጥብ «ቲ2 ነው» ከመባል ይልቅ «ግማሽ ቲ2፣ ግማሽ ቲ3» ይባላል። ለማሠልጠን አንድም የብልሽት ታሪክ አይጠይቅም፤ መልሱ ከየት እንደመጣም መስመር በመስመር ይታያል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ሕጉን የጻፈው ሰው ከሚያውቀው በላይ አያውቅም፤ በአዲስ መረጃም ራሱን አያሻሽልም። ያም ሆኖ የብልሽት መዝገብ ለሌለው ድርጅት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የዛፍ ሞዴሎችና ሰፖርት ቬክተር ማሽን

ከሠልጣኝ ሞዴሎች መካከል ለጋዝ ቁጥሮች የምመርጠው ይህን ቤተሰብ ነው። ራንደም ፎረስት በ2001 የወጣ ስልት ነው፤ ብዙ የውሳኔ ዛፎች ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ። ግራዲየንት ቡስቲንግ ደግሞ ዛፎቹን በተራ ያስተክላል፤ እያንዳንዱ ዛፍ የቀደሙትን ስሕተት ያርማል። በ1995 የታወቀው ሰፖርት ቬክተር ማሽንም በጥቂት ምሳሌዎች ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የቁጥሮቹን ሚዛን ማስተካከል የግድ ነው፣ በራሱም የታመነ የዕድል ግምት አይሰጥም።

የትራንስፎርመር የጋዝ መረጃ በባሕርይው ትንሽ ሠንጠረዥ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓምድ፣ ዕድለኛ ከሆኑ ጥቂት መቶ ረድፍ። እንዲህ ላለ ሠንጠረዥ የዛፍ ሞዴሎች ከጥልቅ ኔትወርኮች አይተናነሱም፤ ብዙውን ጊዜም ይበልጣሉ። በዚያ ላይ ዕድሜን፣ ጭነትን፣ የዘይት ዓይነትንና ጋኑ አየር የሚያስገባ ወይም የታሸገ መሆኑን ያለ ብዙ ጣጣ ይቀበላሉ። ሦስት ማዕዘኑ ይህን ሁሉ አያውቅም።

አንድ ምክር ልጨምር። ጥሬውን ፒፒኤም ብቻ አይስጧቸው። የጋዝ መጠን ከ1 ተነሥቶ እስከ ብዙ ሺህ ስለሚደርስ አንድ ትልቅ ቁጥር ሌላውን ይውጠዋል፤ ሎጋሪዝሙን፣ የመቶኛ ድርሻውን፣ ጥምርታዎቹንና የወር ዕድገቱን ይስጡ። ይህን የሚያደርገው ጋዙን የሚያውቅ መሐንዲስ ነው። ከሞዴሉ ዓይነት ይልቅ ውጤቱን የሚለውጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ዝግጅት ነው። ድክመታቸው፣ ዛፎች በሥልጠና ካዩት ክልል ሲወጡ መገመት አይችሉም፤ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ መጠን ሲመጣ የመጨረሻውን ያዩትን መልስ ይደግማሉ።

ጥልቅ ኒውራል ኔትወርክ

ሰባት የጋዝ ቁጥሮችን ለጥልቅ ኔትወርክ መስጠት ለትንኝ መዶሻ ማንሣት ነው። የዚህ ስልት ቦታ ሌላ ነው፤ ምስልና ሞገድ ባለበት።

ፓርሻል ዲስቻርጅን እንውሰድ። ኢንሱሌሽኑ (ጅረት እንዳያመልጥ የሚከለክለው ወረቀትና ዘይት) ውስጥ የሚነሡት ጥቃቅን ብልጭታዎች ከቮልቴጁ ዑደት ጋር ተቀናጅተው ሲሣሉ ቅርጽ ይሠራሉ፤ በኢንሱሌሽኑ ውስጥ ካለ ባዶ ክፍተት የሚመጣው ቅርጽና ከሾለ ብረት የሚመጣው ይለያያሉ። ልምድ ያለው ባለሙያ በዓይኑ ይለየዋል። ምስል የሚያነብ ኮንቮሉሽናል ኔትወርክም ይህን መማር ይችላል። ምልክቱ ከ300 ሜጋኸርዝ እስከ 3 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል በአንቴና ሊያዝ ይችላል፤ በድምፅ ሴንሰርም እንዲሁ።

ሌላው የፍሪኩዌንሲ ምላሽ ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረበ ዘዴ። ከ20 ኸርዝ ገደማ እስከ 2 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ሲግናል በጥቅልሉ ውስጥ ይላካል፤ የምላሹ ኩርባም እንደ ጣት አሻራ ይቀመጣል። ትራንስፎርመሩ በከባድ ሾርት ከተመታ ወይም በመጓጓዣ ላይ ከተናወጠ በኋላ ሙከራው ይደገማል፤ ጥቅልሉ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ኩርባው ይለወጣል። የሁለቱን ኩርባ ልዩነት ማንበብ ጥበብ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች ሊለያዩበት ይችላሉ። ሞዴል እዚህ እንደ ሁለተኛ አንባቢ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አሻራ ካልተወሰደ ግን የትኛውም ሞዴል ከምንም ጋር ማወዳደር አይችልም። አዲስ ትራንስፎርመር የሚረከብ ሰው ይህን ሙከራ ሳያስደርግ ፊርማውን ባያኖር ደስ ይለኛል።

የሙቀት ካሜራ ምስልም በኔትወርክ ይነበባል። የላላ ማያያዣን፣ የተደፈነ ራዲያተርንና ዘይቱ የጎደለ ቡሺንግን (መስመሩ ወደ ጋኑ የሚገባበትን መከለያ) ያሳያል። በጋኑ ውስጥ ያለውን የጥቅልል ትኩስ ነጥብ ግን አያይም፤ «ካሜራችን ውስጡን ያያል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

የጥልቅ ኔትወርክ ትልቁ ወጥመድ የሥልጠናው ቦታ ነው። ብዙዎቹ የፓርሻል ዲስቻርጅ ሞዴሎች የሠለጠኑት ላብራቶሪ ውስጥ ሆን ተብሎ በተሠራ ጉድለት ነው፤ መርፌና ሳህን፣ ትንሽ ጋን፣ ጸጥ ያለ ክፍል። በጣቢያው ያለው ትራንስፎርመር ግን በዙሪያው ኮሮና (በአየር ውስጥ የሚፈጠር ብልጭታ) የሚተፉ መስመሮች፣ የሬዲዮ ሞገድና የራሱ ታፕ ቼንጀር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል መቀየሪያ) አለበት። ሴንሰሩ በሌላ ቀዳዳ ሲገባ ወይም ማጉያው ሲለወጥ ቅርጹ ይለወጣል። ስለዚህ በላብራቶሪ 99 በመቶ ያገኘ ሞዴል በጣቢያው ስንት እንደሚያገኝ የሚታወቀው ጣቢያው ላይ ሲፈተን ብቻ ነው።

ጤናን የሚማር ሞዴል

እስካሁን ያየናቸው ብልሽትን ከምሳሌ ይማራሉ። የአብዛኛው ባለቤት እውነታ ግን ሌላ ነው፦ ብዙ ጤነኛ ትራንስፎርመሮች፣ ጥቂት የሞቱ፣ ስለሞቱትም ግማሽ ገጽ ሪፖርት። እንዲህ ላለው ሰው ጤናን ተምሮ ከጤና የወጣውን የሚጠቁም ሞዴል ይስማማዋል።

ለምሳሌ የላይኛው ዘይት ሙቀት በጭነቱና በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። አይኢሲ 60076-7 ይህን የሚያሰሉ ቀመሮች አሉት። ሞዴሉ «በዚህ ጭነትና በዚህ አየር ዘይቱ 62 ዲግሪ መሆን ነበረበት» ይላል፤ ቴርሞሜትሩ 71 ካሳየና ልዩነቱ ለቀናት ከዘለቀ አንድ ነገር ተለውጧል። ማራገቢያ ቆሞ ይሆናል፣ ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል፣ ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ ቴርሞሜትሩ ራሱ ተበላሽቶም ይሆናል። «የትኛው?» የሚለውን አይመልስም፤ ግን 71 ዲግሪ ከማንቂያው ወሰን በታች ስለሆነ ተራው አላርም በጭራሽ አይጮኽም ነበር። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተለመደው ወረቀት በየስድስት ዲግሪው ጭማሪ የማርጀት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይሰላል።

አውቶኢንኮደር የሚባሉ ኔትወርኮች ይህንኑ ያለ ቀመር ሊማሩት ይሞክራሉ። እኔ ቀመሩን አስቀድማለሁ፤ ፊዚክሱ የሚያውቀውን ከዜሮ ማስተማር ዳታ ማባከን ነው። ቀመሩ ያላስረዳውን ቀሪ ልዩነት ብቻ ለሞዴሉ መተው ይሻላል። አንድ ሙሉ ዓመት ሳይመዘገብ መጀመርም አያዋጣም፤ ሞዴሉ ክረምትን ሳያይ በጋን ብቻ ከተማረ ወቅቱ ሲለወጥ ሁሉም ነገር ብልሽት ይመስለዋል።

በጋዝ ላይ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዘይቱ ሲጣራና ጋዙ ሲወጣለት ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። የጥገናው ቀን ለሞዴሉ ካልተነገረ «ታካሚው ዳነ» ይላል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ተቀምጧል።

ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች

የጋዝ ቁጥር ሰጥቶ «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ያማረ መልስም ይሰጣሉ። ያማረ መልስ ሁሉ ግን ትክክል አይደለም፤ የመቶኛ ስሌቱን ሊስቱ፣ የመስፈርቱን ወሰን ከሌላ ጋር ሊያቀላቅሉ፣ ያንንም በሙሉ ልብ ሊጽፉት ይችላሉ። ስሌቱን ለተራ ፕሮግራም ይተዉት። ጥሩ የሚሠሩበት ቦታ በየመሳቢያው የተቀበረውን የሃያ ዓመት የጥገና ሪፖርት አንብቦ «በዚህ ቀን ይህ ትራንስፎርመር ተከፍቶ ይህ ተገኘበት» የሚለውን ወደ ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። ሰው አንድ በአንድ ካረጋገጠው፣ ይህ ሥራ ከየትኛውም አዲስ አልጎሪዝም የበለጠ ዋጋ አለው። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

መለያውን ማን ሰጠው?

ሞዴል የሚማረው ከተሰየመ ምሳሌ ነው፦ እነዚህ ጋዞች፣ ይህ ብልሽት። ስያሜው ከየት መጣ? በእውነት የሚታመነው ትራንስፎርመሩ ተከፍቶ፣ የተቃጠለው ቦታ በዓይን ታይቶ የተጻፈው ነው። ይህ ውድ ስለሆነ ጥቂት ነው። በጥናት ዓለም ብዙ የሚጠቀሰው የአይኢሲ ቲሲ 10 ኮሚቴ የመረጃ ስብስብ፣ ዱቫልና አንድ ባልደረባው በ2001 ያሳተሙት፣ ተከፍተው የታዩ ብልሽተኛ መሣሪያዎችን ይዟል፤ ቁጥራቸው ግን ከመቶ ብዙም አይርቅም። በርካታ ሞዴሎች የሚፎካከሩት በዚሁ ትንሽ ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ «በአሥር ሺህ ናሙና የሠለጠነ» የሚለው ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ናሙናዎቹን የሰየማቸው ራሱ ሦስት ማዕዘኑ ወይም የመስፈርቱ ሕግ ነው። እንዲህ ከሆነ ሞዴሉ የተማረው ትራንስፎርመርን ሳይሆን ሦስት ማዕዘኑን ነው፤ ከሦስት ማዕዘኑ ጋር 98 በመቶ መስማማቱም ሦስት ማዕዘኑን በውድ ገዙ ማለት ነው። ሻጩን የመጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ሁለተኛው ችግር ሾልኮ የሚገባው መረጃ ነው። አንድ ትራንስፎርመር በዓመታት ውስጥ ሠላሳ ናሙና ሊኖረው ይችላል። ናሙናዎቹ በዘፈቀደ ተከፍለው ግማሾቹ ለሥልጠና፣ ግማሾቹ ለፈተና ከሄዱ ሞዴሉ ብልሽቱን ሳይሆን ያንን ትራንስፎርመር ያውቀዋል። ክፍፍሉ በትራንስፎርመር መሆን አለበት፤ ቢቻል በጊዜም። ጥቂት የሆነውን የብልሽት ዓይነት ለማብዛት ስሞት (SMOTE) የሚባለው ሰው ሠራሽ ናሙና የማምረት ስልት ሲሠራበትም ያው ነው። ከክፍፍሉ በፊት ከተሠራበት የፈተናው ወረቀት ለተማሪው አስቀድሞ ታየ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ጋዙ እውነት ሆኖ ትርጉሙ ሌላ የሚሆንበት ነው። የታፕ ቼንጀሩ ክፍል ወደ ዋናው ጋን ዘይት ቢያንጠባጥብ አሲቲሊን ይታያል፤ በዋናው ጋን ውስጥ ግን አርክ የለም። ውሃና ጋልቫናይዝድ ብረት ሲገናኙ ሃይድሮጅን ይወጣል። ዘይቱ ያለበት ጋን ላይ ብየዳ ከተሠራም ጋዝ ይፈጠራል። አንዳንድ አዲስ ዘይቶችም ያለ ምንም ብልሽት በመጠነኛ ሙቀት ጋዝ ይሰጣሉ። ከማዕድን ዘይት ይልቅ ኤስተር የተባለው ሌላ ዓይነት ፈሳሽ የተሞሉት ደግሞ የራሳቸው ሦስት ማዕዘን አላቸው። ሞዴሉ እነዚህን የሚያውቅበት ዓምድ ከሌለው ሊገምተው አይችልም።

በመዝገብዎ ላይ እያንዳንዱን ስያሜ በሦስት ደረጃ ምልክት ያድርጉበት፦ ተከፍቶ የታየ፣ በሌላ ሙከራ የተደገፈ፣ በሕግ ብቻ የተሰየመ። ፈተናው የሚካሄደው በመጀመሪያው ላይ ነው፣ ጥቂት ቢሆንም።

95 በመቶ ትክክል ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሺህ ትራንስፎርመር አለዎት፣ ከነዚህ አምስቱ በእውነት እየታመሙ ነው እንበል። ሞዴሉ ከታመሙት 95 በመቶውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹም 95 በመቶውን «ጤነኛ» ይላል። ጥሩ ይመስላል። አምስቱን የታመሙ ይይዛቸዋል። ከ995ቱ ጤነኞች ግን 50 የሚሆኑትን በሐሰት ይከስሳል። ከ55 ማስጠንቀቂያ እውነቱ 5 ነው፤ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። በዚያው ልክ ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ሞኝ ሞዴል 99.5 በመቶ ትክክል ነው። ስለዚህ «ትክክለኛነት» የሚለው አንድ ቁጥር ለምርጫ አይረዳም። የያዘውን ድርሻና የሐሰት ጥሪውን ለየብቻ ይጠይቁ።

ይህ ማለት ግን ሞዴሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ማስጠንቀቂያው የሚያስከትለው ሥራ ርካሽ ከሆነ ከ55 አምስት ማግኘት ትርፍ ነው፤ ናሙና ደግሞ መውሰድ ብዙ አያስወጣም። ጋን መክፈት ወይም ከመሥመር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የሞዴሉ ቃል ብቻ ለዚያ አይበቃም።

የማይታየውንም ይወቁ። ሲግሬ የተባለው ዓለም አቀፍ የኃይል ሥርዓት ማኅበር በ2015 ባሳተመው የአስተማማኝነት ጥናት ለከባድ ብልሽት ዋነኞቹ መነሻዎች ጥቅልል፣ ታፕ ቼንጀርና ቡሺንግ ናቸው። በዘይት የተሞላ ቡሺንግ የራሱ የታሸገ ዘይት ስላለው ከዋናው ጋን የተወሰደ ናሙና ስለ እርሱ ምንም አይናገርም፤ ሲፈነዳ ግን እሳት የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ለእርሱ የካፓሲታንስና የታን ዴልታ (የኢንሱሌሽኑን ጤና የሚያሳዩ የኤሌክትሪክ ልኬቶች) ክትትል ያስፈልጋል። ጋዝ ብቻ የሚያነብ ሞዴል ምንም ያህል ብልህ ቢሆን እዚህ ላይ ዕውር ነው።

ሴንሰሩስ?

ሞዴሉ ከሴንሰሩ በላይ አያውቅም። ሃይድሮጅን ብቻ የሚለካው ርካሽ ነው፤ «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ ዓይነቱን አይለይም፣ ስለዚህ በላዩ የብልሽት መለያ ሞዴል መጫን ትርጉም የለውም። ብዙ ጋዝ የሚለካው፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊም ሆነ በፎቶአኩስቲክ ስልት፣ ውድ ነው፤ ለትልልቆቹና ለማይተኩት ይቀመጥ። ለቀሩት በየጊዜው የሚወሰደው የላብራቶሪ ናሙና ይበቃል።

ለየሁኔታው

የብልሽት ታሪክ የሌለው፣ ትራንስፎርመሮቹም ጥቂት የሆኑበት ድርጅት የመስፈርቱን ሕጎች በፈዚ ሎጂክ አለስልሶ ይጠቀም፤ በሙቀቱ ላይ ጤናን የሚማር ሞዴል ይጨምር። ማሠልጠን የሚባለውን ለጊዜው ይርሳው።

መቶዎች ትራንስፎርመሮች፣ የዓመታት የላብራቶሪ ውጤትና ቢያንስ በርከት ያሉ ተከፍተው የታዩ ብልሽቶች ካሉ የዛፍ ሞዴል ይገባል። ዓላማው በማን እንጀምር የሚለውን ማወቅ ይሁን፤ የብልሽቱን ስም መስጠት ይቆየው።

ፓርሻል ዲስቻርጅን ወይም የፍሪኩዌንሲ ምላሽን በብዛት የሚለካ፣ ለዚያም በቂ አንባቢ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ጥልቅ ኔትወርክን ያስብ፤ በራሱ ጣቢያ በተወሰደ ምልክት እንደገና የሚሠለጥን ከሆነ ብቻ።

ከሌላ ተገዝቶ የሚመጣ ሞዴል ከሆነ ጥያቄዎቹ አጭር ናቸው። ከሥልጠናው ምሳሌዎች ስንቱ ተከፍቶ የታየ ነው? ፈተናው በትራንስፎርመር ተከፍሎ ነበር? «አላውቅም» ማለት ይችላል? ለአንድ ውሳኔ የትኛው ጋዝ እንዳመዘነ ያሳያል? ውሉ ሲያበቃ ዳታው የማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቀጥ ያለ ቁጥር ካልመጣ ቀሪዎቹን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ማንንም ሳያዝዝ በጎን ይሂድ። ሦስት ማዕዘኑና ሞዴሉ በአንድ ናሙና ላይ በተለያዩ ቁጥር ቀኑ ይጻፍ፣ ናሙናው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም፣ ትራንስፎርመሩ በሆነ ምክንያት ሲከፈትም የተገኘው ነገር ፎቶ ተነሥቶ ከዚያች ቀን ጎን ይለጠፍ።